የጾም ኩኪስ

በኦክላንድና በሳን ሆዜ ለሚኖር ሐበሻ ገና በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ፊተኛው «የፈረንጅ ገና» የሚባለው ነው። ከምስጋና ቀን ማግሥት አንሥቶ በየሱቁ በር ይቆማል፣ በየሬዲዮው ይዘፍናል፣ የቡና ቤቱን የወረቀት ስኒ ሳይቀር ቀይና ነጭ ያለብሳል፤ አንድ ወር ሙሉ ከተማውን ሲያዋክብ ከርሞ ዲሴምበር 25 ቀን ማታ ድንገት ጸጥ ይላል። ኋለኛው «የኛ ገና» ነው። እርሱ የጎረቤቱ ዛፍ ደርቆ ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ከተጣለ በኋላ፣ ማንንም ሳይቀሰቅስ፣ ጃንዋሪ 7 ቀን ይገባል።

ሁለቱም የየራሳቸው ሽታ አላቸው። የኛ ገና ቁሌት፣ በርበሬ፣ ንጥር ቅቤና ቄጠማ ይሸታል። የፈረንጅ ገና ቀረፋና ዝንጅብል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሚንት ይሸታል። ሚንት ሲባል ሻይ ውስጥ የሚነከረው ናና ሳይሆን የእርሱ የቅርብ ዘመድ የሆነው፣ ምላስን በረዶ የነካው ያህል የሚያቀዘቅዘው ፔፐርሚንት ነው። ቀይና ነጭ መስመር ባለው፣ ከዘራ በሚመስል ከረሜላ ውስጥ ይገባል፤ ከረሜላው ተሰባብሮ በቸኮሌት ኩኪስ ላይ ይነሰነሳል። በዚያ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ኩኪስ ሳያይ ዲሴምበርን አይሻገርም።

ጣጣው ያለው በሁለቱ በዓላት መካከል ባሉት 13 ቀናት ነው። ምዕራቡ ዓለም እ.ኤ.አ. ከ1582 ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲዞር የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደ ግብፅ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ፣ በቀድሞው ቀመር ጸንታ ቆየች። ስለዚህ ዲሴምበር 25 በአብዛኛው ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል። ታኅሣሥ 16 ደግሞ ጾም ነው። ጾመ ነቢያት፣ በተለምዶ የገና ጾም የሚባለው፣ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀመስበትም። እንግዲህ የአንደኛው ገና ድግስ የሚጣለው በሌላኛው ገና ጾም እምብርት ላይ ነው። ቅቤና እንቁላል የጠገበ ኩኪስ በየቤቱ የሚጋገረውም ያን ጊዜ ነው።

*

በ2018 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር መጀመሪያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ለክፍሌ ልጆች ኩኪስ እንጋግር» ብላ እናቷን ያዘች። በጓደኛዋ ቤት አይታው ነበር። ከበድ ያለ፣ ጥቁር፣ ላዩ ላይ ቀይና ነጭ ስብርባሪ ያለበት። ትምህርት ቤቱ ለገና ዕረፍት ከመዘጋቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ሳምንት ልጆቹ ምግብ እያመጡ አብረው የሚበሉበት ቀን አለ። ባለፈው ዓመት ይህች ልጅ ይዛ የሄደችው ከሱቅ የተገዛ ብርቱካን ነበር። ማንም አልነካባትም።

እናትየዋ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ከአዲስ አበባ እንደመጣች መጀመሪያ የተቀመጠችው ኦክላንድ ከእናቷ ጋር ነበር፤ ኋላ በባሏ ሥራ ምክንያት ወደ ሳን ሆዜ ወረዱ። አሮጊቷ ግን «ቤተ ክርስቲያኔ እዚህ፣ ዕድርተኞቼ እዚህ» ብለው ከኦክላንድ አልነቃነቅም አሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውራ ጎዳና 880 ሲከፈት አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ሲዘጋ ግን ሁለት ሰዓትም አይበቃውም። እ.ኤ.አ. ከጁን 2020 ጀምሮ ባርት የሚባለው ባቡር እስከ ሳን ሆዜ ቤሪዬሳ ሰፈር ይደርሳል፤ አሮጊቷ ግን ብቻቸውን ባቡር መሳፈር አይወዱም። ልጅቱ አያቷን የምታያቸው በወር አንዴ፣ ግፋ ቢል ሁለቴ ነው። ሲገናኙ ብዙ አያወሩም። የልጅቱ አማርኛ «ደህና ነኝ» እና «በላሁ» ላይ ያልቃል፤ የአያቷ እንግሊዝኛም ከዚያ የራቀ አይደለም።

እሑድ ማታ ጋገሩ። ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም ቅቤ፣ ሁለት እንቁላል፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ ካካዎ። እናት ጹማለችና አልቀመሰችም። ይህ ለሐበሻ ሴት አዲስ ነገር አይደለም። የገና ዋዜማ ዶሮ ወጥ የሚሠራው፣ የፋሲካም እንዲሁ፣ ጾሙ ሳይፈታ ነው፤ ጨው የሚመጠነው በልምድ፣ ቅመሙ የሚለካው በአፍንጫ ነው። ሳይቀምሱ ማጣፈጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ኩኪሱንም እንዲሁ በሽታውና በቀለሙ አወጣችው። 48 ፍሬ ሆነ። ልጅቱ አንዱን ቀምሳ ዓይኗን ጨፈነች።

ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ መልእክት መጣ። ለድግሱ የሚመጣው ምግብ ከሱቅ የተገዛ፣ ያልተከፈተ፣ በውስጡ ያለው ሁሉ በማሸጊያው ላይ የተዘረዘረ መሆን አለበት፤ የቤት ጋገራ አይፈቀድም። ምክንያቱ አለርጂ ነው። አንድ ሕፃን ለውዝ ወይም ወተት በማያውቀው መንገድ ቢደርሰው ሊሞት ይችላል። ሕጉ ምክንያታዊ ነው፤ እናትየዋም ሥራዋ ከበሽተኛ ጋር ነውና ገብቷታል። መግባቱ ግን 48 ኩኪስ አያስበላም። ቤት ውስጥ ያለው አዋቂ ሁሉ ይጾማል። ልጅቱ ቆርቆሮውን ከፍታ ቆጠረች፣ መልሳ ከደነች፣ «ታዲያ ለማን ነው የሠራነው?» አለች።

*

መጀመሪያ ለጎረቤት ሆነ። ከበላያቸው ለሚኖሩ የቬትናም ተወላጆች አንድ ሰሃን፣ ከጎናቸው ላሉ ሜክሲካውያን አንድ ሰሃን ተላከ። የሐበሻ ወግ የሰው ሰሃን ባዶውን አይመለስም ይላል፤ ሜክሲካውያኑም ይህንኑ ወግ ያውቁት ኖሮ በማግሥቱ ሰሃኑ በታማሌ ተሞልቶ መጣ። በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ውስጡ የአሳማ ሥጋ ያለበት። የቤቱ ሰው በጾምም በፍስክም የማይበላው ነገር ነው። እናትየዋ እየሳቀች አመስግና ተቀበለችና ለሥራ ባልደረቦቿ ወሰደችው። ደግነት እንዲህ እየተንከባለለ ከቤት ቤት ይሄዳል፤ የሚያርፍበትን ሆድ ግን ሁልጊዜ አያገኝም።

ከቀረው ላይ 12 ፍሬ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ገባ። «ጾሙ ሲፈታ» ተባለ።

ልጅቱ ግን ሌላ ነገር ታስብ ነበር። «እማማ የምትበላው ዓይነት ብንሠራስ?» አለች። እማማ የምትላቸው አያቷን ነው።

እናትየዋ ቶሎ አልመለሰችም። ለእሷ የጾም ምግብ ማለት ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት ነው። ጣፋጭ ነገርና ጾም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ትንሽ ያሳፍራታል። ይሁንና አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ ሐሳብ ከራቀች ቆይታለች። የዛሬ ካፌዎች በዐቢይ ጾምና በገና ጾም የጾም ኬክ ይደረድራሉ፤ የጾም ፒዛና የጾም በርገር የሚሸጥም አለ። ምእመኑ በዚህ ነገር ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን የተከለከለው ቅቤና እንቁላል እንጂ ጣዕም አይደለም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ጾም ሰውነትን ማድከም ነው፤ በዘይት የተጋገረ ቅንጦት ቅንጦትነቱን አይለቅም ይላል። ሁለቱም ወገን ደህና ክርክር አለው። ይህች እናት ልቧ ከሁለተኛው ጋር ነው። ልጇ ግን ስለ አያቷ ስትጠይቅ ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑን አሰበችና «እስቲ እንሞክር» አለች።

*

የጾም ኩኪስ ሥራ የሚጀምረው ከምጣድ ሳይሆን ከሱቅ መደርደሪያ ነው። ቸኮሌት ጥቁር ስለሆነ ብቻ ጾም ነው ማለት አይደለም፤ «ጥቁር» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጥ የወተት ዱቄት ይገኛል። እዚህ ላይ ልጅቱን ያስከፋው የአለርጂ ጉዳይ ባለውለታ ሆነ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው፣ ከ2006 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት፣ የምግብ አምራች ወተትም እንቁላልም ቢያስገባ ሰው በሚረዳው ተራ ቃል ማሸጊያው ላይ መጻፍ አለበት። ሕጉ የወጣው ለበሽተኞች ነው። የጾመኛ ሴት ግን መነጽሯን አውጥታ ከዝርዝሩ ግርጌ «ወተት ይዟል» የሚለውን ስትፈልግ ሕጉ ለእሷም እንደወጣ ያህል ይጠቅማታል። ከረሜላውም ይነበባል። አንዳንድ ቀይ ቀለም ኮቺኒል ከሚባል ነፍሳት የሚጨመቅ ነው፤ ይህም ከ2011 ጀምሮ በስሙ እንዲጻፍ ግዴታ ሆኗል። እነርሱ የገዙት ከዘራ ከረሜላ ስኳር፣ የበቆሎ ሽሮፕ፣ የፔፐርሚንት ዘይትና ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ብቻ ነበረው።

ሌላው አቋራጭ «ቪጋን» የሚለው ቃል ነው። ኦክላንድና በርክሌይ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይነኩ ሰዎች የበዙባቸው ከተሞች ናቸው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም በያይነቱን ዓመቱን ሙሉ የሚሸጡት በአብዛኛው ለእነርሱ ነው። ለባህር ዳሩም ለአዲስ አበባውም ስደተኛ ቪጋን የሚለው ጽሑፍ «የጾም» ተብሎ ይተረጎማል። ትርጉሙ ለሱቅ ይበቃል እንጂ ሙሉ አይደለም። ቪጋን የሆነ ሰው እንስሳውን ብሎ ነው የሚተወው፤ ከተወውም ለሁልጊዜው ነው። ጾመኛ የሚተወው ሊመለስበት ነው። የገና ጾም ጣዕሙ ያለው በመጨረሻው ሌሊት ነው፤ ያ ሌሊት ባይኖር ኖሮ አርባ ሦስት ቀን ሽሮ ሽሮ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ካካዎው ጋ ሲደርሱ ልጅቱ ማሸጊያው ላይ «የካካዎ ቅቤ» የሚል አነበበችና ደነገጠች። እናትየዋም ለአፍታ ተጠራጠረች። ነገሩ የስም ነው። የካካዎ ፍሬ ውስጥ ያለው ስብ በክፍል ሙቀት እንደ ቅቤ ስለሚረጋ ቅቤ ተባለ እንጂ ከዛፍ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 ቫን ሃውተን የሚባለው የሆላንድ ቤተሰብ ይህን ስብ ከካካዎው ጨምቆ የሚለይ መጭመቂያ አወጣ፤ የተረፈው ደረቅ ቂጣ ተፈጭቶ ዛሬ ለኬክ የሚሆነውን ዱቄት ሰጠ። «ኩኪስ» የሚለው ቃልም ከዚያው ከሆላንድ ቋንቋ፣ ትንሽ ኬክ ከሚል ቃል የመጣ ነው። በሳን ሆዜና በኦክላንድ መካከል ባለችው በሳን ሊያንድሮ ከተማ ደግሞ ጊራርዴሊ የሚባለው ቸኮሌት ይሠራል። መሥራቹ በፔሩ አድርጎ በወርቅ ፍለጋው ዘመን ካሊፎርኒያ የገባ ጣሊያናዊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1852 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ንግዱን አቋቋመ። በዚያ አገር ጣፋጭ የሚባለው ነገር ሁሉ ቢመረመር ከሥሩ አንድ መጤ አይጠፋም።

*

ቅቤውን በዘይት መተካት ቀላል ነው። አስቸጋሪው እንቁላሉ ነው፤ ሊጡን የሚያያይዘውም የሚያነፋውም እርሱ ነውና። ይህንንም አሜሪካውያን ራሳቸው ከዚህ ቀደም መፍትሔ አግኝተውለታል። በኢኮኖሚ ድቀቱና በጦርነቱ ዘመን ቅቤና እንቁላል ሲወደድ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል የቸኮሌት ኬክ መጋገር ለምደው ነበር። ዘዴው ቤኪንግ ሶዳ ከኮምጣጤ ጋር ማገናኘት ነው። ሁለቱ ሲነካኩ አረፋ ይፈጥራሉ፤ አረፋው ሊጡን ያነሣዋል፤ የኮምጣጤው ሽታ እሳት ላይ ይጠፋል። በድህነት የተፈጠረው ኬክ ለጾም ተስማማ።

ልኩ እንዲህ ሆነ። 250 ግራም ዱቄት፣ 60 ግራም ካካዎ፣ 200 ግራም ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይቀላቀላል። በሌላ ዕቃ 120 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ ትንሽ ቫኒላና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የፔፐርሚንት ቅመም ይመታል። በወተት ፋንታ 80 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ያስፈልጋል። በዚያ ሰዓት ምድጃው ላይ ጀበና ነበር። አቦሉም ቶናውም ተጠጥቶ በረካው ቀርቷል፤ በረካውን ደግሞ የሚጠጣ የለም። እናትየዋ እርሱን አቀዘቀዘችና ጨመረችው። ቡና የቸኮሌትን መራራነት ያጎላል፣ ራሱ ግን አይታወቅም፤ ኬክ ጋጋሪዎች የሚያውቁት ነገር ነው። ለእሷ ግን ከበረካ የተሻለ የሚደርስ ስም አልነበረውም፤ ቤቱን ሳይለቅ የተገኘ በረከት ነው።

ከረሜላውን የሰበሩት በሙቀጫ ነው። ሙቀጫው ከአያት የመጣ ሲሆን ለዓመታት ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ተወቅጦበታል፤ ቢታጠብም ሽታው አልለቀቀውም። ልጅቱ ዘነዘናውን በሁለት እጇ ይዛ ስትደቁስ ቀዩና ነጩ ዱቄት ኮረሪማ ኮረሪማ አለ። ማንም ያላሰበው ቅመም ገባ።

የመጀመሪያው ትሪ ተበላሸ። ከረሜላውን ከመጋገሩ በፊት ነስንሰውት ነበርና ኦቭን ውስጥ ቀልጦ ከትሪው ጋር ተጣበቀ። ሁለተኛው ዙር ብቻውን ተጋገረ፤ በ175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 10 ደቂቃ ቆይቶ ሲወጣ፣ ገና ለስላሳ እንዳለ፣ ልጅቱ ስብርባሪውን ነስንሳ በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ያ ያዘ። እናት በዚህኛው ጊዜ ቀመሰች። ጾሙን የሚያስፈታ ምንም አልነበረበትም። ለልጇ ግን ፊቷን አሳይታ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጥርሴን የፋቅሁ መሰለኝ።»

*

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ዓይነቱ ቅዝቃዜ የምግብ አይደለም። የጉንፋን ነው፤ ቪክስ በደረት ላይ ተቀብቶ በጋቢ ተሸፍኖ የተተኛበት ሌሊት ነው። የጥርስ ሳሙና ነው። አውቶቡስ ውስጥ እንዳያስመልስ የሚመጠጥ ከረሜላ ነው። ናና በሻይ ውስጥ ይታወቃል፤ ናና ግን ይሸታል እንጂ እንዲህ አይበርድም። ያንኑ ሽታ ከቸኮሌት ጋር አግብቶ ማቅረብ ለብዙ ሐበሻ መድኃኒት በማር እንደመብላት ነው። ልጆቹ ይህ ትዝታ የላቸውም። ለእነርሱ ያው ቅዝቃዜ ዕረፍት፣ መብራትና ስጦታ ማለት ነው። በአንድ ማዕድ ተቀምጠው አንድ ነገር የሚቀምሱ እናትና ልጅ የሚቀምሱት አንድ አይደለም።

የቅዝቃዜው ምሥጢር የተፈታው ከዚያው አካባቢ ብዙም ሳይርቅ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚነካውን የነርቭ ተቀባይ አገኙ። በርበሬ «ያቃጥላል» የሚባለው እውነት ሆነ፤ ያ ተቀባይ የእሳትን ሙቀት የሚሰማው ራሱ ነውና። በ2002 ደግሞ በሜንቶል፣ ማለትም በሚንት ዘይት ውስጥ ባለው ንጥረ ነገር፣ ብርድን የሚሰማውን ተቀባይ አገኙ። ሊባኖስ ተወልዶ አሜሪካ የገባው አርመናዊው አርደም ፓታፑቲያንም በዚያው ዓመት ለብቻው ደረሰበት። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ2021 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተካፈሉ። እንግዲህ የበርበሬው ትኩሳትና የሚንቱ ቅዝቃዜ፣ የኛ ገናና የፈረንጅ ገና፣ በሳይንሱ ቤት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ምላስን ያታልላሉ፤ እሳት ሳይኖር ያቃጥላሉ፣ በረዶ ሳይኖር ያበርዳሉ።

ፔፐርሚንት ራሱም ድቅል ነው። የውሃ ናናና ተራው ናና ተዳቅለው የወለዱት ነው፤ ዘር አያፈራም። የሚዛመተው ሥሩ ተቆርጦ ሌላ መሬት ሲተከል ብቻ ነው። በአሜሪካ ዋና ማሳዎቹ ያሉት ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በኦሪገን፣ በዋሽንግተንና በአይዳሆ ነው። የስደተኛ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ማለቱ አይቀርም።

*

ወደ ኦክላንድ ከመሄዳቸው በፊት ልጅቱ አንድ ሐሳብ አመጣች። ትምህርት ቤቱ የጠየቀው ዝርዝር ነው፤ ስለዚህ ለእማማም ዝርዝር ይኖረዋል። በአማርኛ። ፊደል የምታውቀው ከሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ ሀ ሁ ሂን በዜማ ታወርዳለች፣ ነጠል ተደርጎ ሲመጣባት ግን ትደናገራለች። እናት ቃሉን ትላለች፣ ልጅ ትጽፋለች። አንድ ሰዓት ፈጀ። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይል ነበር፤ «ዱቄት። ካካዎ። ስኳር። ዝይት። ቡና። ከርሜላ። ወተት የለም። ቅቤ የለም። እንቁላል የለም።» ከግርጌው ደግሞ ማንም ሳይነግራት የጨመረችው፤ «እማማ ብይ።» ለአያት «ይብሉ» እንደሚባል እናቷ ታውቃለች፤ ዝም አለች።

አሮጊቷ ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱምና ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ልጅቱ ሰዓቱን እያየች ጠበቀች። ዘጠኝ ሲሆን መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን ማንበብ ጀመሩ፤ በቀስታ፣ ጣታቸውን ከቃል ቃል እያሻገሩ፣ ዳዊት እንደሚደግሙ ሁሉ። «ዝይት» ላይ ቆሙ። «እስክሪብቶ አምጪልኝ፣ ሚጣዬ» አሉ። ልጅቱ ይህንን ገባት፤ ሄዳ አመጣች። ዝን ዘ፣ ርን ረ አደረጉላትና «አሁን አንብቢ» አሏት። አነበበች። «እንደገና» አሏት። እንደገና አነበበች። የግርጌውን «ብይ» ግን አልነኩትም።

ከዚያ ቀመሱ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አላሉም። «አፌ ውስጥ ነፋስ ገባ» አሉ ኋላ፤ «የእንጦጦ የጠዋት ነፋስ።» እናት ተረጎመች፤ ልጅቱ እንጦጦ ምን እንደሆነ ጠየቀች። አሮጊቷ ስለ ባሕር ዛፉ፣ እንጨት ተሸክመው ስለሚወርዱት ሴቶች፣ በልጅነታቸው ወደ ማርያም ስለወጡበት ብርድ መናገር ጀመሩ፤ እናትየዋ በመካከል ተቀምጣ ስትተረጉም ሁለት ሰዓት አለፈ። ኩኪሱን የጨረሱት ግማሹን ነው። «ጥሩ ነው፤ ብቻ ዛሬ ጉንፋን አልያዘኝም» አሉና የቀረውን ግማሽ በሶፍት ጠቀለሉት። ልጅቱ ይህ ሲተረጎምላት ከማንም በላይ የሳቀችው እሷ ነበረች።

*

በዚያ ዓመት ገና ረቡዕ ዋለ። ትምህርት ቤት ከዕረፍት ተመልሶ ተከፍቷል። የካሊፎርኒያ የትምህርት ሕግ ወላጅ በጽሑፍ ከጠየቀ ልጅ ለሃይማኖቷ በዓል ከክፍል መቅረት እንደምትችል ይደነግጋል፤ ብዙ ሐበሻ ወላጅ ግን አይጠይቅም። ልጁ በሁለተኛው ገና ትምህርት ቤት ይውላል፣ ወላጅ ሥራ ይውላል፣ በዓሉ ወደ ቅዳሜ ይገፋል። ይህች እናትም ለዓመታት እንደዚያ ስታደርግ ነበር። ጥያቄው ስለ ቀኑ ብቻ አልነበረም፤ «ምን ዓይነት ገና ነው ጃንዋሪ 7 የሚውል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከመጀመሪያው ማስረዳት ይደክማል። የመጀመሪያው ገና ማስረጃ አይጠየቅም፤ ከተማው ሁሉ ይመሰክርለታል። ሁለተኛውን የሚያውቀው የሚያከብረው ብቻ ነው።

ያን ዓመት ግን ደብዳቤውን ጻፈች። አጭር ነበር። ልጅቱ አንብባው «በአማርኛም ልጻፍበት?» አለችና ከታች በኩል «ገና» ብላ ጨመረች። ሁለት ፊደል ነው፤ አልተሳሳተችም።

ሌሊቱን ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን አደሩ። ሲነጋ በአሮጊቷ ቤት ጾም ተፈታ፤ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ፣ ድፎው ቀረበ። ቡና ሲፈላ እናት ከፍሪዘር ያመጣችውን ቆርቆሮ አወጣች። አንድ ወር ሊሞላው የቀረበው፣ ቅቤና እንቁላል ያለው፣ ትምህርት ቤት ያልገባው ኩኪስ ነው። ከብርድ ሲወጣ እርጥበት አንሥቶ የከረሜላው ስብርባሪ መቅለጥ ጀምሯል፤ ቀዩ ወደ ነጩ ፈስሶ ሁሉም ሮዝ ሆኗል። አሁን ለሁሉም የተፈቀደ ነው። አሮጊቷ አንዱን ሙሉ በሉት፤ ጣታቸውን ጠረጉና አዩት።

«ቅቤው ጥሩ ነው» አሉ። «የጾሙ ግን ይሻል ነበር። ያኛው ጽሑፍ ነበረው።»